ዘንዶው ይቆይ፤ መጀመሪያ ሳጥኑ ይዝለል

ልጅዎ ጌም ከመጫወት አልፋ ጌም መሥራት አምሯት ከሆነ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አብረዋት ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ

ልጅዎ የ11 ዓመት ልጅ ነች እንበል። ስልክዎን እየተቀበለች መጫወት ከጀመረች ቆይታለች፤ ሰሞኑን ግን አዲስ ነገር አምጥታለች። «እኔ ራሴ ጌም መሥራት እፈልጋለሁ» ትላለች። ደብተሯን ቢገልጡት ሐሳቡ ሁሉ ተዘርግቷል፦ እሳት የሚተፋ ዘንዶ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ቤተ መንግሥት፣ 50 ደረጃዎች፣ በየደረጃው አንድ ጠላት፣ መጨረሻ ላይ የምትነግሥ ልዕልት። እርስዎም ደስ ይልዎታል። ዝም ብሎ ስክሪን ላይ ከማፍጠጥ ይሻላል ብለው ያበረታቷታል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ዘንዶው በግማሽ ተስሎ ይቀራል፤ ደብተሩም አልጋ ሥር ይገባል። እርስዎ «ድሮም ጀምራ አትጨርስም» ይላሉ። እሷም ቀስ በቀስ ታምንዎታለች።

ነገሩ ከጌም በላይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ሰነፍ ሆና ላይሆን ይችላል። ሥራውን የያዘችው በማይያዝበት ጫፍ በኩል ስለሆነ ብቻ ከብዷት ሊሆን ይችላል።

ጌም የሚጀመረው ከዘንዶው አይደለም። ሙያተኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከአንዲት ጥያቄ ነው፦ ተጫዋቹ ቁልፍ ሲነካ ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር እንዴት ይንቀሳቀሳል? ይህችን ጥያቄ ብቻ ለመፈተሽ ተብሎ በችኮላ የሚሠራው ናሙና ፕሮቶታይፕ ይባላል። ልብስ ሰፊ ውድ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ልኩን በርካሽ ጨርቅ ቢሞክር እንደማለት ነው። ሥዕል የለውም፣ ሙዚቃ የለውም፣ ታሪክም የለውም። አንድ ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ይሄዳል፣ ይዘላል፣ በቃ።

ማሪዮም ሳጥን ነበር

ባለ ኮፍያውንና ባለ ሪዙን ማሪዮ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የተባለው ጌም ጃፓን ውስጥ በኒንቴንዶ ኩባንያ የወጣው በ1985 ነው። ሺገሩ ሚያሞቶና ባልደረቦቹ መጀመሪያ የሞከሩት ግን ኮፍያም ሪዝም ያለው ሰው አልነበረም። ወርዱ 16፣ ቁመቱ 32 ፒክሰል የሆነ አራት ማዕዘን ነበር። (ፒክሰል ማለት ስክሪኑ የተሠራባት ትንሽዋ ነጠብጣብ ናት።) ያ ሳጥን ባዶ ስክሪን ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ይዘላል። እንጉዳዮቹ፣ ቱቦዎቹና ልዕልቷ የመጡት በኋላ ነው።

ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ማሪዮ ጥልቀት ወዳለው ዓለም የገባበት «ሱፐር ማሪዮ 64» ሲሠራም መንገዱ ያው ነበር። ደረጃዎቹ ከመገንባታቸው በፊት ቡድኑ ማሪዮን ሲያስሮጥ፣ ሲያስዞርና ሲያዘልል ከረመ። አብራው የነበረች አንዲት ጥንቸል ነበረች፤ ሥራዋ መሸሽ ብቻ ነው። ማሪዮ ያባርራታል፣ እሷ ታመልጣለች። ጥንቸሏን ማሳደድ ራሱ የሚያስደስት ከሆነ እንቅስቃሴው በትክክል ተሠርቷል ማለት ነው። ያቺ ጥንቸል ሚፕስ ትባላለች፤ ስሟን ያገኘችው ከማሽኑ ፕሮሰሰር ነው። ጌሙ ሲያልቅም አልጣሏትም፤ ዛሬም ድረስ በቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት ውስጥ ስትሮጥ ትገኛለች።

ለምን ይህን ያህል ይጨነቃሉ? መልሱን ከሰፈራችን ጨዋታ ማግኘት ይቻላል። ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ልጆችን ይመልከቱ። የተሰመሩ መስመሮች፣ አንድ ጠጠር፣ ሌላ ምንም የለም። ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው በአንድ እግር የመዝለሉ ስሜት ነው፤ መሬቱ ጭቃ ከሆነ ወይም ጫማው ካዳለጠ መስመሩን ምንም አሳምረው ቢያሰምሩት አይጥምም። በስክሪን ላይም እንደዚያው ነው። ተጫዋቹ ዘንዶውን የሚያገኘው ምናልባት አንዴ ነው፤ የዝላይዋን ቁልፍ ግን ሺህ ጊዜ ይነካታል። ሺህ ጊዜ የሚነካ ነገር ደስ የማይል ከሆነ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ምን ያስፈልጋል?

ብዙ አያስፈልግም። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ለጀማሪ የምመርጠው «ስክራች» የተባለውን ፕሮግራም ነው። አሜሪካ የሚገኘው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሚቸል ሬስኒክ የሚመራው ቡድን ሠርቶ በ2007 ለሕዝብ ያቀረበው ሲሆን ነጻ ነው። በተለይ ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተሠራ ነው። ትእዛዝ በመጻፍ ፋንታ ባለ ቀለም ብሎኮችን እርስ በርስ መገጣጠም ነው፤ ቋንቋውንም ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል። አንዴ ዳውንሎድ ተደርጎ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ የዳታ ጥቅልዎን አይበላም። መብራት ቢጠፋም ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ይቀጥላል፤ ብቻ በየመሐሉ ሴቭ ማድረጉን አደራ።

ፕሮግራሙ ሲከፈት ድመት ይመጣል። ድመቱን ያጥፉትና ልጅዎ አንድ ሳጥን ትሳል፤ ቀለሙን ራሷ ትምረጥ። «ለምን ድመቱን አንጠቀምም?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። ድመቱ ያምራል፤ የሚያምር ነገር ደግሞ እንቅስቃሴው መጥፎ መሆኑን ይሸፍናል። ሳጥን ምንም አይሸፍንም።

የመጀመሪያው ሥራ ሳጥኑ በቀኝና በግራ የቀስት ቁልፎች እንዲሄድ ማድረግ ነው። የቀኙ ከተነካ 8 ፒክሰል ወደ ቀኝ፣ የግራው ከተነካ 8 ወደ ግራ። ይህ የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። ከባዱ ዝላዩ ነው፤ ጊዜ የሚሰጠውም እሱ ነው።

ዝላይ ማለት ሁለት ቁጥር ነው

ልጆች መጀመሪያ የሚያደርጉት የታወቀ ነው። ቁልፉ ሲነካ ሳጥኑ ወደ ላይ ይውጣ፣ ከዚያ በወጣበት ፍጥነት ይውረድ። ይሞክሩት። ሳጥኑ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ግን ዝላይ አይመስልም፣ ሊፍት ይመስላል። (በደህናው ቀን ማለቴ ነው፤ ሊፍት በማይበላሽበት ቀን።) ልጅዎ «አንድ ነገር ጎድሎታል» እስክትል ይጠብቁ። ቀድመው አይንገሯት።

የጎደለው የመሬት ስበት ነው። ወደ ላይ የተወረወረ ብርቱካን እየዘገመ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ቆም ይላል፣ ከዚያ እየፈጠነ ይወርዳል። ብርቱካኑን ከፍሪጅ አውጥታ ራሷ ትወርውረው። ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ትመለስ።

ለሳጥኑ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ «ፍጥነት» እንበለው። የስፔስ ቁልፍ ሲነካ ፍጥነቱ 12 ይሁን። ስክራች በሰከንድ 30 ጊዜ ሥዕሉን ያድሳል፤ እያንዳንዱ እድሳት ፍሬም ይባላል። በየፍሬሙ ፕሮግራሙ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ሳጥኑን በፍጥነቱ ልክ ያነሳዋል፣ ከዚያ ከፍጥነቱ ላይ 1 ይቀንሳል። ስለዚህ ሳጥኑ መጀመሪያ 12 ፒክሰል ይነሳል፣ ቀጥሎ 11፣ ቀጥሎ 10 እያለ ዜሮ ላይ ቆም ይላል። ከዜሮ በታች ሲገባ ራሱ ወደ ታች ይዞራል፤ ሲቀንስ 1፣ ሲቀንስ 2፣ ሲቀንስ 3። ልጅዎ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን በክፍል ተምራ «ይሄ ለምን ይጠቅማል?» ብላ ከሆነ፣ መልሱን አሁን በዓይኗ አየችው፤ መውደቅ ማለት እሱ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። መሬቱን ለጊዜው በሥዕል መሥራት አያስፈልግም፤ «ከዚህ ቁመት በታች አትውረድ፣ ስትደርስ ፍጥነትህ ዜሮ ይሁን» ማለት ይበቃል። ሌላው፣ ስፔስ የሚሠራው ሳጥኑ መሬት ላይ ሲሆን ብቻ ይሁን። ይህ ካልተጨመረ ሳጥኑ አየር ላይ ደጋግሞ እየዘለለ እስከ ጣሪያው ይወጣል። ልጆች ይህን ሲያዩ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ጥቂት ቢስቁ ጉዳት የለውም። እንዲያውም አንዳንዷ «ይሄኛው ይሻላል፣ ወፍ ይሁን» ትልና ሌላ ጌም ይወለዳል።

አሁን ሒሳቡን አብረው ይሥሩ። 12፣ 11፣ 10 እያሉ እስከ 1 ቢደምሩ 78 ይመጣል። የስክራች መድረክ ቁመቱ 360 ፒክሰል ስለሆነ ሳጥኑ የመድረኩን አንድ አምስተኛ ያህል ይዘላል ማለት ነው። ወጥቶ እስኪወርድ 25 ፍሬም፣ ወይም 0.8 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ዝላዩ ደህና ነው፤ ግን ትንሽ እንደ ፊኛ ነው።

ስበቱን ከ1 ወደ 2 ከፍ ያድርጉት። ሳጥኑ አሁን የሚወጣው 42 ፒክሰል ብቻ ነው፤ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መሬት ላይ ዱብ ይላል። ድንጋይ ሆነ። ስበቱን 2 ላይ ትተው የመነሻ ፍጥነቱን 17 ቢያደርጉትስ? ከፍታው 81 ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ጊዜው ግን ወደ 0.6 ሰከንድ ወርዷል። ሁለቱን እያፈራረቁ ይሞክሯቸው። በዓይን ልዩነቱ ብዙ አይታይም፤ በጣት ግን ይታወቃል። የአንዱ ሳጥን እግር ጠንካራ ነው፣ የሌላው ሰነፍ ነው። ልጅዎ የትኛውን ትመርጣለች? ከመረጠች በኋላ «ለምን?» ይበሏት። «ዝም ብሎ» ካለች አይቀበሏት። «ይሄኛው የምለውን ቶሎ ይሰማኛል» ዓይነት መልስ እስኪመጣ ይታገሱ። ስሜትን በቃል፣ ቃሉን ደግሞ በቁጥር ማስቀመጥ ጌም ሠሪዎች በየቀኑ የሚውሉበት ሥራ ነው፤ ለ11 ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም።

ሳሙና የፈሰሰበት ወለል

አካሄዱም እንደ ዝላዩ ነው። 8 ፒክሰል እያለ የሚሄደው ሳጥን ጣት ከቁልፉ ሲነሳ ቀጥ ይላል። ይህ ለአንዳንድ ጌም ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ግዑዝ ይመስላል። ቁልፉ ሲለቀቅ ፍጥነቱ በየፍሬሙ በ0.8 ይባዛ። ሳጥኑ ሲሦ ሰከንድ ያህል ሸርተት ብሎ 32 ፒክሰል ገደማ ላይ ይቆማል። ቁጥሩን 0.98 ያድርጉትና ይዩ፤ ሳሙና የፈሰሰበት ወለል ላይ የሮጠ ልጅ ነው የሚሆነው፤ ከሦስት ሰከንድ በላይ እየተንሸራተተ መድረኩን ሊያቋርጥ ይደርሳል። መጥፎ ነው? እንደ ጌሙ ነው። ዘንዶው የሚኖረው በረዷማ ተራራ ላይ ከሆነ ትክክለኛው ቁጥር እሱ ነው።

ቁጥር በተቀየረ ቁጥር አንድ ቁጥር ብቻ ይቀየር። ሁለቱን ባንዴ የቀየረ የትኛው እንዳሻሻለው አያውቅም። ወጥ ላይ ጨውና በርበሬ ባንዴ የጨመረ ምን እንደበዛበት እንደማያውቅ ሁሉ።

ይቅር ባይ ጌም

በ2018 የወጣ «ሴለስት» የሚባል ጌም አለ፤ ማዴሊን የምትባል ወጣት ተራራ ትወጣለች። ጅምሩ ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ በ4 ቀን የሠሩት ትንሽ ጌም ነበር። ሴለስት በከባድነቱ የታወቀ ነው፤ ተጫዋቹ ደጋግሞ ይወድቃል። ሆኖም «ጌሙ በደለኝ» ብሎ የሚያማርር እምብዛም አይሰማም። ምክንያቱ ጌሙ በስውር ይቅርታ ማድረጉ ነው።

ተጫዋች ገደል ጫፍ ደርሶ ሲዘል ብዙ ጊዜ ጥቂት ይዘገያል። እግሩ መሬቱን ከለቀቀ በኋላ ነው ቁልፉን የሚነካው። ሕጉ ጥብቅ ቢሆን ይወድቃል፤ እሱ ግን በሰዓቱ እንደነካ ይምላል። ሴለስት ላይ እግር መሬት ከለቀቀ በኋላ እስከ 0.1 ሰከንድ ድረስ ዝላይ ይፈቀዳል። ሙያተኞቹ ይህን «የኮዮቴ ጊዜ» ይሉታል፤ ስሙ የመጣው ገደል አልፎ አየር ላይ ከሚሮጠውና ወደ ታች እስኪያይ ድረስ ከማይወድቀው የካርቱን ቀበሮ መሰል አውሬ ነው። በስክራች 0.1 ሰከንድ ማለት 3 ፍሬም ነው። ተቃራኒውም አለ፦ ተጫዋቹ መሬት ከመንካቱ ጥቂት ቀድሞ ቁልፉን ከነካ፣ ጌሙ ትእዛዙን ይዞ ይቆይና መሬት እንደነካ ያዘልለዋል።

ለልጅ ይህን ማስረዳት ደስ ይላል። «ሰው ትንሽ ሲሳሳት ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ይጀምሩ። አንዳንዷ «ያ ማጭበርበር ነው፤ መውደቅ አለበት» ብላ ትከራከራለች። እንዲህ ካለች ሁለቱንም ትሥራና ታናሽ ወንድሟ ይፍረድ።

አያት ሲፈትኑ

ከሁሉም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ሳጥኑ ለእሷ ጥሩ የሆነው እሷ ስለሠራችው ነው፤ ጣቷ ለምዶታል። ስለዚህ ጌም ተጫውተው የማያውቁ ሰው ይፈለጉ። አያት ቤት ካሉ ከእሳቸው የተሻለ ፈታኝ የለም። ላፕቶፑ ፊታቸው ይቀመጥ። ደንቡ አንድ ነው፦ ልጅቷ አትናገርም። «በዚህ ነው እማማ፣ ስፔሱን ነው እኮ» ማለት ክልክል ነው። እጇን አጣምራ ትይ፤ ያየችውንም ትጻፍ። አያት የትኛውን ቁልፍ ቀድመው ነኩ? ሲዘሉ ሳቁ ወይስ ደነገጡ? ገደሉ ጫፍ ላይ ስንት ጊዜ ወደቁ? ማዳመጥም አለባት። አያት «ይሄ ልጅ ምነው አይታዘዝም?» ካሉ፣ ያ ከማንኛውም መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ነው፤ ቁልፉ ከተነካ በኋላ ሳጥኑ ይዘገያል ማለት ነው።

ዝም ማለቱ ለልጅ ከባድ ነው። ሥራዋን የሚያስረዳላት አፍ ሳይኖራት ሥራዋ ራሱ ሲናገር መስማት አለባት። ለወላጅም ቀላል አይደለም፤ ልጅዎ ሲከፋት አይተው «አይ፣ በጣም ያምራል» ማለት ያምርዎታል። ይልቅ «አያት ሦስቴ ወደቁ፤ ከቁጥሮቹ የትኛውን ትነኪ ይመስልሻል?» ይበሏት።

ላፕቶፕ ከሌለ ወይም ልጅዎ «እኔ የምፈልገው የስልክ ጌም ነው» ካለች ነገሩ ትንሽ ይለያል። ስልክ ላይ ጣት የሚዳስሰው ቁልፍ የለም፣ መስታወት ብቻ ነው፤ ጣቱ ራሱም ሥዕሉን ይጋርዳል። ስለዚህ ለስልክ የሚታሰብ ፕሮቶታይፕ ትእዛዙ ጥቂት ይሁን። በ2013 ቬትናማዊው ዶንግ ንጉየን የሠራው «ፍላፒ በርድ» መቆጣጠሪያው አንድ መንካት ብቻ ነበር፤ ነካ ሲያደርጉት ወፏ ብድግ ትላለች፣ ሲተዉት ትወድቃለች። ከላይ ያየነው የፍጥነትና የስበት ሒሳብ ነው፤ መሬት ላይ የመሆን ግዴታው ብቻ ተነስቷል። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ»ም በስልክ የሚጫወቱት ጌም ነው፤ የምትሮጠው ዶሮ ነች። ልጅዎ ከአገር ቤት የተሠራ ነገር ማየቷ ጥሩ ስለሆነ ያሳዩዋት፤ ግን እንደ ተጫዋች ብቻ አትይ። ዶሮዋ ስትታጠፍ ምን ያህል ትፈጥናለች? ጣት ከተንሸራተተ በኋላ ትዘገያለች ወይ?

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር ልበል። መሥራት ከመጫወት ይለያል እላለሁ፤ ዓይንና ወገብ ግን ልዩነቱን አያውቁትም። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስታ ብርቱካኑን ትወርውር። ከሁለት ሰዓት በላይም አይቀጥሉ። ፋይሉን «ሳጥን 1»፣ «ሳጥን 2» እያሉ በቁጥር ማስቀመጥ ይልመድባት፤ ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ሲበላሽ ወደ ኋላ መመለሻ ይኖራታል።

ሳጥኑ ባዶ ስክሪን ላይ ብቻውን ሲዘል አምስት ደቂቃ የሚያጫውት ከሆነ ደብተሩን ከአልጋው ሥር ያውጡት። አሁን ዘንዶውም ቤተ መንግሥቱም ልካቸው ይታወቃል። ሳጥኑ 81 ፒክሰል ይዘላል፤ ስለዚህ 60 ፒክሰል ከፍታ ያለው ግንብ ለመጀመሪያው ደረጃ ይሆናል፣ 78 የሆነው ለኋለኞቹ፣ 90 የሆነውን ግን ማንም አይወጣውም፤ እዚያ መሰላል ይደረግ ወይም ዘንዶው ይቀመጥበት። አየር ላይ የሚቆየው 18 ፍሬም ነው፣ በየፍሬሙ 8 ፒክሰል ይሄዳል፤ ስለዚህ በአንድ ዝላይ እስከ 144 ፒክሰል ይሻገራል። 100 ፒክሰል ስፋት ያለው ገደል ለአያት ይበቃል። የ140ውን ታናሽ ወንድሟ ይሞክረው።